ቼልሲ ገበያ ወጣ

እ.ኤ.አ. በ2022 የእግር ኳስ ክለቡን ቼልሲን የገዙት እነ ቶድ ቦሊ፣ ዘንቢላቸው ሲሞላ ወደ ቤት ከመመለስ ይልቅ ተሸካሚ የሚጨምሩ ገበያተኞች ሆነው ተገኙ። በአንድ የውድድር ዘመን፣ በሁለት የዝውውር መስኮት፣ 600 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አፈሰሱ። ኤንዞ ፈርናንዴዝ ብቻውን ከ106 ሚሊዮን በላይ ወጣበት፤ ያውም የዓለም ዋንጫ ባነሳ በአንድ ወር ተኩል፣ ዋጋው ገና ትኩስ ሳለ። ሌላው አዲስ ተጫዋች ሙድሪክ ደግሞ ለስምንት ዓመት ተኩል ፈረመ። (ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕዳ።) የረጅሙ ውል ብልሃት የሒሳብ ነው፦ የዝውውሩ ዋጋ በውሉ ዓመታት ስለሚካፈል፣ ውሉ በረዘመ ቁጥር የዓመቱ ወጪ ይቀጥናል። በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ነቃና ማካፈያውን በአምስት ዓመት ገደበው።

አሠልጣኞቹስ? ቱኸል በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ ተሸኘ። ፖተር የአምስት ዓመት ውል ይዞ መጣ፤ ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም። ብሩኖ ሳልቶር አንድ ጨዋታ መራ፤ ከሊቨርፑል ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ ወንበሩን ለላምፓርድ አስረከበ። ላምፓርድም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጨዋታዎች አንድም ሳያስቀር ተሸነፈ።

በሊጉ 38 ጨዋታ፣ 38 ጎል፣ 12ኛ ደረጃ። ምናልባት ጎሉንም ለስምንት ዓመት ተኩል አካፍለውት ይሆናል።