ስለ ውክልና፣ ስለ ማኅተምና ስለ ቀይ ሪባን የወጣ አዋጅ

የአዋጁ ቁጥር፦ ወረፋ ላይ ነው
የታወጀበት ቦታ፦ ለንደን

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ብሪክስተን፣ ከካሌዶኒያን ሮድ እስከ ሼፐርድስ ቡሽ የምትኖር፣ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም፣ ያልተከፋፈለ ውርስ ወይም ያልተቋጨ ክስ ያለህ ሁሉ ስማ!

መግቢያ

በአካል ለንደን፣ በንብረት አዲስ አበባ መኖር የተለመደ በመሆኑ፤

«አንድ ውክልና ብቻ ላክልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተወው» የሚለው የእሑድ ስልክ በዝቶ በመገኘቱ፤

ወካዩ ራሱ ስለመሆኑ መሥሪያ ቤቶች ተሰልፈው ሲመሰክሩለት፣ ተወካዩ እንዴት ያለ ሰው ስለመሆኑ ግን አንድም የሚጠይቅ ባለመኖሩ፤

እኛ በለንደን የምንኖር ወካዮች፣ ማንም ሳይወክለን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የማኅተም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙ ርዕስ ቲተር ላይ አልገባ ብሎ ቀርቷል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ኖታሪ» ማለት የፊርማህን እውነተኛነት የሚመሰክር የእንግሊዝ የሕግ ባለሙያ ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነው። ይህ የአዋጁ ፌዝ አይደለም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ጋር በተጣሉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1533 የወጣው ሕግ ሹመቱን ከሮማው ጳጳስ እጅ አውጥቶ ለሊቀ ጳጳሱ ሰጠ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ውክልና ከመፈረሙ በፊት ያማተበ ሰው እንደ ኋላ ቀር አይቆጠርም።

ለ) «ተንቀሳቃሽ ኖታሪ» ማለት ማኅተሙን በቦርሳ ይዞ ቤትህ፣ መሥሪያ ቤትህ ወይም የታመምክበት አልጋ ድረስ የሚመጣ ኖታሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ሲከተል የኖረ ሰው፣ ማኅተም በሩን ሲያንኳኳ ቢደነግጥ ይቅር ይባላል።

ሐ) «ተወካይ» ማለት የሥጋ ዘመድ፣ አብሮ አደግ ወይም አማች ሆኖ፣ «እሱማ የራሴ ሰው ነው» ከሚል ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ የማይቀርብለት ባለጉዳይ ነው።

አንቀጽ 3፦ የማኅተሞች ሰልፍ

1) ፓስፖርቱን ይዞ ፕሪንስስ ጌት ቁጥር 17 በሚገኘው ኤምባሲያችን በአካል ቀርቦ የሚፈርም ሰው መንገዱ አጭር ነው።

2) ኖታሪ ፊት የሚፈርም ሰው ግን በለመድነው መንገድ ይሄዳል። ኖታሪው የወካዩን ፊርማ አረጋግጦ ገጾቹን በሪባን ያስራል። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ የኖታሪውን ፊርማ አረጋግጦ አፖስቲል የሚባል ማረጋገጫ ይለጥፋል። ኤምባሲው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይን ያረጋግጣል። አዲስ አበባ ያለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኤምባሲውን ያረጋግጣል። በመጨረሻም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እያለ የሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫ ወረቀቱን ይመዘግባል።

3) አፖስቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ በተደረገ ስምምነት የተፈጠረው ሌሎቹን ማኅተሞች ለማስቀረት ነበር። የኛ ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን ሰልፉን አላስቀረም፤ ራሱም ገብቶ ተሰለፈ።

4) ከነዚህ ሁሉ ፊርማህን ስትፈርም ያየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ያየው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ያየው የሁለተኛውን ነው። ሁሉም እውነቱን መስክሯል። አማችህ ቤቱን እንደማይሸጠው ግን አንዱም ዋስ አልሆነም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ስም

1) እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ተጠይቆ የአያቱን ስም የሞላ፣ አገር ቤት ካርታው ላይ ግን በአባቱ ስም የሚታወቅ ሰው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው መሆናቸውን በጽሑፍ በሚሰጥ የማረጋገጫ ቃል ይመሰክራል። ለዚህ የሚያገለግለው የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. የ1835 ነው።

2) የባለ ሁለት ስሞች ሁሉ አባት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸው በዚህ አዋጅ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከቤተሰባቸው የጠፉ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወስደው ቻርልስ ማርቲን አሏቸው። ሐኪም ሆነው በምኒልክ ዘመን ሲመለሱ ቤተሰባቸው የለያቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ነው። ሁለቱንም ስም እንደያዙ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚሁ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ።

3) ያኔ ጠባሳ ያለ ሪባን ይጸና ነበር። ከእንግዲህ ግን ጠባሳ ዋናው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ጋር ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 5፦ ኖታሪ ቤት ሲመጣ

1) ኖታሪ የሚከፈለው ለጊዜው ጭምር ነው። ቡና ሳይቀምስ ከወጣ ቤቱ ይዋረዳል፤ በረካ ድረስ ከቆየ ባለቤቱ ይደኸያል። ስለዚህ ቡናው ቀድሞ ተቆልቶ ይቆየዋል፤ አቦል ብቻ ይቀርብለታል፤ ቶናና በረካ ማኅተሙ ቦርሳ ከገባ በኋላ ለቤተሰቡ ይሆናሉ።

2) ፓስፖርትና አድራሻ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ቢል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። ሶፋው ሥር የሚፈለግ ፓስፖርት በሰዓት ይታሰባል።

3) ኖታሪው ወካዩ የሚፈርመውን የተረዳ፣ ሳይገደድም የሚፈርም መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ስለሆነም «አባባ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ፣ ችግር የለውም» የሚል ልጅ ወደ ኩሽና ይሸኛል። ውክልናው በአማርኛ ሲሆን አስተርጓሚው ተወካዩ ራሱ፣ ሚስቱ ወይም የሚስቱ ወንድም ሊሆን አይችልም።

አንቀጽ 6፦ ስለማይታይ ማኅተም

1) የእንግሊዝ ኖታሪ ማኅተም ብዙውን ጊዜ ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የሚወጣ ስለሆነ በጣት ይዳሰሳል። ክብ፣ ሐምራዊና በመጠኑ የተንሸዋረረ ማኅተም ማየት የለመደ ዓይን ሁሉ «ማኅተም የለውም» ከማለቱ በፊት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያያል።

2) ለፎቶ ኮፒ እንዲመች ብሎ ሪባኑን የፈታ ወይም ስቴፕሉን የነቀለ ዘመድ ገጾቹ እንደተለዋወጡ ያስጠረጥራል። ሪባኑን መልሶ በቢራቢሮ ቅርጽ ማሰሩ ቅጣቱን አያቀልለትም።

አንቀጽ 7፦ ስለ «ለማንኛውም ይግባ»

1) በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩን የሚጠብቅ ዘበኛ አቁሟል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፦ ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት ወይም ክስ ለመመሥረት በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል።

2) ይህ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወካዩ ከዘመድ የተላከለትን የውክልና ናሙና ይገለብጣል። ናሙናው ውስጥ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ሌላ ሰውም እንዲወክል የሚሉት ሁሉ ተደርድረዋል። የተፈለገው የውኃ ቆጣሪ ለማስቀየር ነበር። «ይሄ ሁሉ ለምን?» ሲባል መልሱ «ለማንኛውም ይግባ» ነው። ዘበኛውን ያሰናበተው ራሱ ባለቤቱ ነው።

3) ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሥልጣን ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በየአንዱም ላይ ወካዩ «ይህን ለምኑ ፈለገው?» ብሎ ይጠይቃል። ቆጣሪ ለማስቀየር የሚሰጥ ውክልና ስለ ቆጣሪ ይናገራል። ኪራይ ለመሰብሰብ የሚሰጥ ውክልና ገንዘቡ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባም ይናገራል። «ዘመድ ይቀየመኛል» የሚል ወካይ፣ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣው ቅያሜ ከዚህ እንደማያንስ ያስብ።

አንቀጽ 8፦ ስለ መሻርና ስለ ሞት

1) ውክልናን መሻር የወካዩ መብት ነው። ሆኖም የመሻሪያው ወረቀትም ለእነዚያው ማኅተሞች አንድ በአንድ ይሰለፋል፤ ቤት ግን ሲሸጥ የሪባኑን መድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ የሻረ ሰው ወረቀቱ መንገድ ላይ ሳለ ለተወካዩም፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ያሳውቃል።

2) ወካይ ሲሞት ውክልናው እንደ ደንቡ አብሮ ይሞታል። ሙት ማስነሣት ለቅዱሳን እንጂ ለተወካይ አልተሰጠም።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

«ወንድም ወንድሙን አያምንም እንዴ?» ብሎ ወካዩን ሳያስነብብ ያስፈረመ ማንኛውም ሰው፣ ከኤምባሲው ተነሥቶ ሃይድ ፓርክን በእግሩ አቋርጦ ስፒከርስ ኮርነር ይደርሳል። እዚያም ሳጥን ላይ ቆሞ ቁጥር 2205ን ከነንዑስ ቁጥሩ ለአላፊ አግዳሚው ያነብባል። ዝናብ ቅጣቱን አያስቀርም።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ልማዶችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

1) «በኋላ አነበዋለሁ»፣ «ዝም ብለህ ፈርም» እና «የዘመድ ነገር በወረቀት አይሆንም» የሚሉት ልማዶች ተሽረዋል። የመጨረሻውን የሚናገር ሰው ወረቀት ሲልክ ከተገኘ ቅጣቱ በእጥፍ ይሆናል።

2) ይህ አዋጅ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቀኑ የተመረጠው ብዙዎቻችን ይህ አገር በሰጠን ወረቀት ላይ የተወለድንበት ቀን በመሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ኬክ የሚቆርስ ሁሉ፣ ሻማውን እፍ ከማለቱ በፊት እስከ ዛሬ የሰጠውን ውክልና አውጥቶ ያነብባል።