አበጋሩ ናሩቶ

ናሩቶ ወሬ ያበዛል የሚሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ቀርበው የማያውቁ ናቸው። በአኒሜ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ፌዝ ነው፤ ልጁ ጠላቱን ከመምታት መምከር ይቀናዋል፣ ያለ እናትና አባት ያደገበትን ይተርካል፣ ጠላቱም እንባውን አውጥቶ ይገባለታል ይላሉ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በዚህ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ የሰሜን ወሎ፣ የሀብሩ ልጅ ነኝ፣ አልስቅም። እኛ ዘንድ ደም የተቃቡ ሰዎችን አስቀምጦ፣ ቡናው እየተፈላ፣ ዱዓው እየተደረገ፣ በዳይ በገዛ አፉ "አጥፍቻለሁ" እስኪል ድረስ የሚያለዝብ አበጋር አለ። ናጋቶ የተባለው ጠላት የናሩቶን መንደር ሙሉ አውድሞ ሲያበቃ ናሩቶ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያነጋግርበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ አብራኝ የምታየው አክስቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

"አጂብ! ይኸ ልጅ አበጋር ነው እንዴ?"

ናጋቶ በንግግር ተረትቶ የገደላቸውን ሰዎች ነፍስ ሲመልስና እሱ ሲሞት ደግሞ "ካሣ እንዲህ ነው!" ብላ ጀበናዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ስለ ናሩቶ የማንንም ትንታኔ አልሰማም። ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) 15 ዓመት ሙሉ የሣለው ሽምግልና ነው፣ አለቀ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍል፣ ሺፑደን የሚሉት ሁለተኛው 500 ክፍል። 720 ጊዜ የሚሰበሰብ ጉባኤ የትም አገር የለም፤ ባለጉዳዩ ያረጃል።

አክስቴ የዚህ ሁሉ ዳኛ የሆነችው በሥልጣኗ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ያሳደገቻቸው ልጆች ከስፔስቱን ጣቢያ አይነቀሉም ነበርና፣ ዓረብኛውን ከነአኒሜው ተምራ መጣች። ስለዚህ በእኛ ቤት አኒሜ የገባው በጃፓንኛም በእንግሊዝኛም ሳይሆን በዓረብኛ፣ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ዲሽ፣ በአክስቴ አስተርጓሚነት ነው። ዓለም ካፒቴን ጹባሳ የሚለው የዮኢቺ ታካሃሺ ኳስ ተጫዋች ለእኛ ካፒቴን ማጂድ ነው፤ ባላንጣው በሳም ይባላል። በሳም የሚባል ልጅ ሰፈራችንም ስለነበረ ጃፓናዊ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የማጂድ ሜዳ ዳር የለውም። ኳስ ይዞ ሲሮጥ ግቡ ከአድማስ ወዲያ ነው፤ እየሮጠ ያስባል፣ እየሮጠ ያዝናል፣ ሳይመታ ክፍሉ ያልቃል። ወልድያ ላይ በጥር 2009 የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ትልቅ ነው እንላለን። በማጂድ ልክ ቢሠራ ኖሮ አንደኛው ግብ ወልድያ፣ ሁለተኛው ሲሪንቃ ይቆም ነበር።

ድራጎን ቦልም በዚሁ ይታማል። ክፉው ፍሪዛ "ይቺ ፕላኔት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች" ካለ በኋላ ጠቡ አሥር ክፍል ያህል ይቀጥላል። ይኼ የሚያስቀው ከመርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ!" ሲል የሰማ መንገደኛ የፍሪዛን ሰዓት አይጠራጠርም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የሞተው የድራጎን ቦል ደራሲ አኪራ ቶሪያማ የእኛን ረዳቶች ሳያይ መሄዱ ይቆጨኛል።

ዴዝ ኖት ብልህ ሥራ ነው፣ ግን ሰሜን ወሎ ላይ አይሠራም። ላይት ያጋሚ የሰውየውን ስም ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ሰውየው በ40 ሰከንድ ውስጥ ልቡ ቀጥ ይላል። ጃፓን ሆኖለት ነው። እዚህ ቀበሌ የሚያውቀው ስም አለ፣ እናት የምትጠራው ስም አለ፣ ጓደኛ ያወጣለት አለ። ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የክርስትና ስሙን መተተኛ እጅ እንዳይገባ ለባዳ አይናገርም። ኤል የተባለው መርማሪ ስሙን በመደበቁ ዓለም ተደነቀበት፤ የጎረቤታችን አሮጊት በዚህ ብልሃት ስንት ዘመን ኖረዋል። ደራሲው ጹጉሚ ኦባና ሠዓሊው ታኬሺ ኦባታ አንድ ነገር አስበውበታል፤ ገዳዩ ስሙን ሲጽፍ መልኩንም ማሰብ አለበት ብለው ሕግ አውጥተዋል። ባያወጡ ኖሮ "ሰይድ መሐመድ" ተብሎ በተጻፈ ቀን የመርሳ ገበያ ባዶውን ይቀር ነበር። ኤል ከሞተ በኋላ ያለውን ክፍል አልቆጥረውም።

ዓይናቸው ትልቅ ነው እያሉ የሚያሾፉም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀና ብለው ቢያዩ ምን ሊሉ ነው? የእኛ ሠዓሊዎች ያን ዓይን ሲሥሉ ዘመናት አልፈዋል። ይልቅ የሚያሳስበኝ የናሩቶ አስተማሪ ካካሺ ነው። በቆየው የሥዕል ልማዳችን ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የሚዞረውን ካካሺን ያየ የደብር አስተማሪ ከክፉዎቹ ወገን አይመድበውም ብዬ አልምልም።

አታክ ኦን ታይታን ላይ ግን ቀልዴን እቀንሳለሁ። የሐጂሜ ኢሳያማ ታሪክ በሦስት ግንብ ተከበው፣ ከግንቡ ወዲያ ሰው መኖሩን ሳያውቁ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። የመጨረሻው ክፍል በጥቅምት 2016 ሲወጣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። ዓለም ባለታሪኩ ኤረን ምን ሆነ ብሎ ሲላቀስ እኛ ግንቡን ከውስጥ በኩል እናየው ነበር። በመጨረሻ አንድ የምናውቀው ተማሪ ከአዲስ አበባ በፍላሽ አመጣልን፤ ፍላሹን ከኪሱ ሳያወጣ መጨረሻውን ነገረን። እንዲህ ያለውን ሰው አበጋርም አያስታርቀውም።

አክስቴ ግንቦቹን ገና በመጀመሪያው ክፍል እንዳየች የጠየቀችው "እህሉን የት ይዘሩታል?" ብላ ነው። ሳቅንባት። ትንሽ ቆይቶ የውጪው ግንብ ይፈርሳል፣ ስደተኛው ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ እህል ያጥራል፣ መንግሥት 250 ሺህ ሰው "መሬታችንን አስመልሱ" ብሎ ወደ ሞት ይሰዳል። "ያውላችሁ" አለች፣ ቡናዋን እየቀዳች።

እህል ስል፦ ስቱዲዮ ጂብሊ በሚያዝያ 1988 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ፊልም በአንድ ቀን ለሲኒማ አቅርቦ ነበር። አንደኛው የኢሳኦ ታካሃታ የአብሪ ትሎች መቃብር ነው፤ በጦርነት ጊዜ ወላጅ ያጡ ወንድምና እህት የሚርባቸው። አክስቴ ትንሿ ልጅ ሰውነቷ እያለቀ ሲሄድ ተነሣች። "ይኸን አጥፋልኝ፤ እኔ አይቸዋለሁ።" ፊልሙን አይታው አታውቅም፤ የሰባ ሰባትን ረሃብ ግን ታውቃለች። አጠፋሁት፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ እኛ ቤት ግን ዳግመኛ አይከፈትም።

ሁለተኛው የሐያኦ ሚያዛኪ ጎረቤቴ ቶቶሮ ነው፤ እሱ ደግሞ አይዘጋም። ቶቶሮ በአንድ ግዙፍ ዛፍ ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ዛፉ ገመድ ታስሮለታል፣ የፊልሙ ልጆች አባትም አሰልፎ እጅ ያስነሣቸዋል። ይኼ ለአዲስ አበባ ተመልካች ማብራሪያ ሊፈልግ ይችላል። አክስቴ "አድባሯ ናት" ብላ ቀጠለች። ትንሿ ሜይ ለታመመች እናቷ አንድ በቆሎ ታቅፋ ብቻዋን ሆስፒታል ለመድረስ ስትሄድ፣ አክስቴ መንገዱን ልትነግራት ምንም አልቀራት።

ዜማውም ነገር አለው። ሻሚሰን የሚሉት ባለሦስት ክር መሣሪያቸው የድሮ ዜማ ሲጫወት አክስቴ ከጓዳ "አምባሰል ማን ከፈተ?" ትላለች። አልተሳሳተችም። ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የጃፓን ቅኝት አምስቱም ድምፅ ከአምባሰል ጋር ይገጥማል። አምባሰል ደግሞ ጎረቤታችን ነው።

የእኔን ምርጥ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ ፉልሜታል አልኬሚስት እላለሁ፤ ብራዘርሁድ የሚባለውን፣ ባለ 64 ክፍሉን። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሳትሰጥ አትቀበልም። ደራሲዋ ሒሮሙ አራካዋ ሆካይዶ ውስጥ በወተት ላም እርባታ ያደገች፣ ቶኪዮ ከመግባቷ በፊት ዓመታት እርሻ ላይ የሠራች ሴት ናት፤ ራሷን ስትሥል ላም አድርጋ ነው። ኋላ ሲልቨር ስፑን ብላ ስለ እርሻ ትምህርት ቤት ሌላ ማንጋ ሣለች። መርሳ የግብርና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናትና ተማሪዎቹ ይኼን ሳያዩ ባይመረቁ ደስ ይለኛል። ላም ያለበ ሰው የጻፈው ተረት ሒሳቡ አይዛነፍም። ሐንተር ኤክስ ሐንተርም ከእርሱ ጋር እኩል በቆመ ነበር፤ ግን ዮሺሒሮ ቶጋሺ ወገቡን እያመመው ያቋርጣል፣ ይመለሳል፣ ያቋርጣል። ወዳጆቹ ይሰድቡታል። የወሎ ሰው ግን ለታመመ ሰው የሚለው አንድ ነው፦ አብሽር።

ዋን ፒስን አሁን በእርጋታ ይዘነዋል። ኤይቺሮ ኦዳ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ነው፤ አኒሜው ከ1,100 ክፍል አልፏል፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። የሰይጣን ፍሬ የሚሉት አለ፤ የበላው ኃይል ያገኛል፣ ዋና ግን ለዘላለም ይረሳል። አክስቴ ማንጎና ፓፓያ ስታተርፍ የኖረች የመርሳ ሰው ናትና "ዘሩን የት ነው የሚተክሉት?" ብላ ጠይቃ መልስ አላገኘችም። ከፍሬው ይበልጥ ያናደዳት ግን ባለታሪኩ ሉፊ ነው። ባራቲ በተባለው ተንሳፋፊ ምግብ ቤት ላይ ጥፋት አጥፍቶ ለአንድ ዓመት ዕቃ አጣቢ ሆኖ እንዲሠራ ይፈረድበታል፤ ከዚያ ወንበዴ ሊያባርርላቸው ተስማምቶ ዕዳው ይቀርለታል፣ ይሄዳል።

"ያንድ ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ጠብ?"

"ባለቤቱ ምሮት ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ዋሱ ማን ነበር?"

ዋስ አልነበረውም። ሰሞኑን ክፍሉን ደግመን እያየን ነው።