ፒስ ነው?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሰመራ በሚደርሰው የጂቡቲ መስመር ላይ፣ ባለተሳቢዎቹ ሳይቀሩ እንደ «ፒስ» ብዙ የተጫነበት የለም። ሾፌር ከሾፌር ሲገናኝ «ፒስ ነው?» «ፒስ!» ከተባባሉ ሰላምታው አለቀ። ደግ ሰው «ፒስ ሰው» ይባላል፤ ተኳርፈው የታረቁ «ፒስ ሆኑ»፤ ሞተሯ ያልጋለ መኪና ፒስ ናት፤ ሳያጉላላ ያሳለፈ ኬላም ፒስ ነው። ስንብቱም «በቃ፣ ፒስ» ነው። ባለ እንግሊዝኛው ለሰላም፣ በራሱ አራድኛ ደግሞ ለስንብት የሚጠቀምበትን ቃል እኛ የጠባይ ምስክር፣ ሽማግሌ፣ መካኒክና የኬላ ፈታሽ አድርገን ቀጥረነዋል፤ ደሞዙ ግን ያው የአንድ ቃል ነው።

የቋንቋ ተቆርቋሪዎች «የባዕድ ቃል አማርኛን በላው» ይላሉ። አማርኛ እንዲህ በቀላሉ የሚበላ ቢሆን ኖሮ የጣሊያኑ «ጎማ» የገባ ዕለት ባለቀለት ነበር፤ አዋሽም «ሰባት»ን ከ«ኪሎ» ጋር አጋብታ ስም ባላወጣች። ደግሞስ ሁሉን ሸፍኖ ማለፍ የ«ፒስ» ፈጠራ ነው? ትኩሳት የያዘው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱ ከእንግሊዝኛ ትምህርት በፊት የነበረ ነው። ይሁንና ነባሩ ሰላምታ በአንድ «ደህና» አይረካም፤ «ቤተሰብስ? ልጆችስ? ከብቱስ?» እያለ ይመላለሳል። በሦስተኛው ዙር ላይ «ብቻ ትንሽ አሞኝ ነበር» የምትለው እውነት ብቅ ትላለች። «ፒስ» የዘጋብን ይህን ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ አይከሰስም፤ የሚከሰሰው ወሬውን ገና ሳይጀመር በመጨረሱ ነው።

ይህ ደግሞ የሚሆነው አፋሮች ወሬ የሚለዋወጡበት የ«ዳጉ» ልማድ ባለበት አገር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት በቀለ? ማን አለፈ? ጠብ አለ ወይ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ ወሬ የደበቀ ወይም የዋሸ ይነወራል። ግመል ወዴት እንደሚነዳ የሚወሰነው በዚህ ወሬ ነውና፣ አንዱ «ፒስ ነው» ብሎ ቢያልፍ ሌላው መንጋውን ይዞ ደረቅ ምድር ላይ ይቀራል። «ጭነት ያለበት ሾፌር እንደ አርብቶ አደር ተቀምጦ የሚያወራበት ጊዜ የት አለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሰመራ ፀሐይም ቁጭ በሉ አትልም። ነገር ግን «ገዋኔ ጋ ጎርፍ አስፋልቱን ይዞታል» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እዚያው ጎርፉ ዘንድ ደርሶ ከመገተር መቼም ያንሳል። ስለዚህ ለሰላምታ «ፒስ» ይብቃን፤ ስለ መንገድ ሲሆን ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ «ፒስ ነው» ያለህን ሰው አመስግነህ «እስከ የት ድረስ?» ብለህ ጨምረህ ጠይቀው።