በአባቴ ስም

አሜሪካ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚመዘግብ፣ ደረቴ ላይ ያለችው ጥቁር ባጅ «ኤልደር» ካለች በኋላ የምትጠራው እኔን ሳይሆን አባቴን ነው። አባቴ ደግሞ ዴንቨር ታክሲ የሚነዳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቅዱስ ገብርኤልን የለጠፈ ተዋሕዶ ነው። በእናቴ በኩል ሞርሞን የሆንኩት ልጁ ለሚስዮን ልሄድ ነው ስለው ብዙ ዝም አለና፣ «መሄዱንስ ሂድ፤ ስሜን ይዘህ የት የት ነው የምትዞረው?» አለኝ።

ሜሪላንድ ነው የዞርኩት፤ ላንግሊ ፓርክ፣ ዊተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ማገልገል ይችላል፤ አገሩን ግን አይመርጥም። አፍሪካ ይደርሰኛል ብዬ ስጠብቅ ስፓኒሽ ተናጋሪ ምእመናን ደረሱኝ። ዩታ፣ ፕሮቮ ውስጥ 6 ሳምንት ግስ ስናረባ ከረምንና፣ በሉ ሂዱ ተባልን።

መርሐ ግብሩ የወታደር ነው። ከጠዋቱ 12፡30 መነሳት፣ ስፖርት፣ ጸሎት፣ ጥናት፤ ማታ 4፡30 መብራት ማጥፋት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከጓድህ ዓይን አለመራቅ ነው። ከሽንት ቤት በቀር የትም ሁለት ሆነህ ነው የምትሄደው። የእኔ ጓድ የአይዳሆ ገበሬ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት፣ ፀጉሩ ቢጫ፣ የስፓኒሽ ሰዋስው ከእኔ በብዙ የተሻለ። ሆኖም በር ሲከፈት ሰው የሚያየው እኔን ነበር። አንዷ ዶሚኒካን ነህ ትላለች፣ ሌላው የሆንዱራስ ጋሪፉና ነህ ይላል። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል የሚያምነኝ የለም፤ ኢትዮጵያዊ በስፓኒሽ ሲሰብክ ማን አይቶ!

በሩ ከተከፈተ ነው ይሄ ሁሉ። ነጭ ሸሚዝና ክራባት ያደረጉ ሁለት ሰዎች የአፓርታማ በር ሲያንኳኩ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ኢሚግሬሽን መጣ ብሎ ትንፋሹን ይውጣል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ይሰማሃል፣ ሕፃን «እሽሽ» ሲባል ይሰማሃል። አልፈርድባቸውም። እንዲህ ካለው በር ላይ ሁለተኛ አላንኳኳም፤ ጓዴ ግን ጽናት ነው ይል ነበር፤ ደረጃ እየወረድን እንነታረካለን።

አንድ ሽማግሌ ግን ባጄን አነበቡና ሳቅ ብለው «እሺ!» አሉኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። «ቶሎ በል፣ ቶሎ!» ጨመሩ። ቀጥሎ ያወጡትን ቃል እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ የእናት ስም ያለበት ነው። ከኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው በ80ዎቹ ዋሽንግተን የገቡ ናቸው፤ የሆቴል ማድ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያጥቡ፣ አጠገባቸው የቆሙት ከደርግ የሸሹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። አማርኛውን ያስተማሯቸው እነሱ ናቸው፤ ስድቡንም ጭምር። ስለ ነቢይ ልንነግራቸው የገባን ልጆች፣ ስለ ሳህን አስተጣጠብና ስለ አበሻ ሼፍ ቁጣ ሰምተን ወጣን።

ምግቡ ሌላ ፈተና ነው። ማታ ማታ አባላቱ ተራ ገብተው ያበሉናል። ፑፑሳ ማለት ባቄላና አይብ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ከላይ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይደረግበታል፣ የሚበላውም በእጅ ነው። ጓዴ ሹካ ጠየቀ፤ እኔ ቆርሼ ጠቀለልኩ። እመቤቲቱ ያን ካየች በኋላ ሳህኔ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ ማታ በቀጠሮ ስህተት ሁለት ቤት እራት ተይዞልን ነበር። ሁለተኛው ቤት ሶፓ ደ ፓታ ቀረበ፤ የላም እግርና ጨጓራ ሾርባ። የአይዳሆው ልጅ ጨጓራዋን ሲያይ ፊቱ ነጣ፤ ባለቤቷ ዞር ስትል የእሱን ወደ እኔ ሳህን ገለበጠ። ዱለት በልቶ ያደገ ሰው ምን ይላል? ጨጓራው ይጣፍጣል፣ ሆዴ ግን ሊተረተር ደርሷል።

ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የእኛም ከተማ ነው። ፌንተን መንገድ ላይ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «የኔ ልጅ፣ ሐበሻ አይደለህ? ይሄ ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ነገርኳቸው። «ያ ቤልትዌይ ዳር ያለው ነጩ ሕንፃ የእናንተ ነው?» አዎ፤ ኬንሲንግተን ያለው ቤተ መቅደስ፣ ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረቀው። «እሺ፣ ግባና ቡና ጠጣ።» ቡና አልጠጣም አልኩ፤ ከ1833 ጀምሮ የመጣ ሕግ ነው። ግንባሬን በእጃቸው ዳስሰው «አሞሃል እንዴ?» አሉ።

የጥምቀቱን ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ጓዴ ይታዘበኛል። የሚጠመቀው ሰው ግንበኛ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ። በእኛ ሥርዓት ገላው፣ ፀጉሩ፣ ልብሱ ሳይቀር በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለበት፤ ሁለት ምስክሮች ቆመው ያያሉ። ከ2019 ወዲህ የተጠመቀ ልጅም መመስከር ስለሚችል፣ አንዷ ምስክር የእህቱ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። የውሃ ማሞቂያው የዚያን ቀን አልሠራም፤ ውሃው በረዶ። ነጩ ልብሱ አየር ይዞ ሆዱ ላይ ተነፋ። ቃሉን ብዬ አጠለቅሁት፤ ጉልበቱ ብቅ አለ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛ፤ የልብሱ ጫፍ ተንሳፈፈ። አሁንም ነቀነቀች። ሦስተኛ፤ የእግሩ አውራ ጣት ወጣች። ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች ሳቃቸውን በመሃረብ አፈኑ፤ ሰውየው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የእህቱን ልጅ በልመና ያያታል። ዳኛዋ ፍንክች የለም። በአራተኛው ጓዴ ከነክራባቱ ዘሎ ገባና እግሮቹን ያዘልኝ፤ ልጅቷም አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ሰኞ ዕረፍታችን ነው፤ በሳምንት አንዴ ቤት መደወል የተፈቀደው ከ2019 ጀምሮ ነው፣ ድሮ ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር። አባቴ ታክሲውን አቁሞ ሙሉውን አዳመጠኝ።

«አራት ጊዜ ነከርከው?»

«አራት ጊዜ።»

«አዬ ልጄ! በሦስተኛው ብታቆም እኮ የእኛ ይሆን ነበር።»