ስለ ኮዳ ቅለት፦ ባዶውን ተመዝኖ ሞልቶ ስለሚወጣ ዕቃ የቀረበ ጥናት

ኮዳ ድሮ በወታደር ወገብ፣ ኋላም በተማሪ ልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚታወቅ ዕቃ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ ከፍ ብሎ ቅዳሜና እሁድ እንጦጦን፣ የረርን ወይም ዝቋላን በሚወጣ፣ ረዘም ያለ ዕረፍት ሲያገኝም ስሜን ተራሮች ድረስ በሚዘልቅ ተጓዥ ቦርሳ ጎን ተሰክቶ ይገኛል። ከማዕረጉ ጋር «ስንት ግራም ነው?» የሚል አዲስ ጥያቄ ተከትሎት መጥቷል። ይህ ጥያቄ በወታደሩም ሆነ በተማሪው ዘመን አልተነሳም። ወታደሩን ያሳስበው የነበረው ውሃ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ተማሪውን ደግሞ ክዳኑ የት እንደወደቀ። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው፦ ኮዳ ሱቅ ውስጥ የሚመዘነው ባዶውን ነው፤ ተራራ የሚወጣው ግን ሞልቶ ነው። በዚህች ልዩነት ላይ ሰፊ ገበያ ቆሟል።

ምርመራው ከብረቶቹ ይጀምራል። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲለካ የማይዝገው ብረት፣ በተለምዶ ስቲል የሚባለው፣ 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ታይታኒየም 4.5፣ አሉሚኒየም 2.7 ግራም። በዚህ ብቻ ቢፈረድ አሉሚኒየም ያለ ተከራካሪ ይረታ ነበር። ዳሩ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጨረመታል፤ ከሎሚና ከመሰል ኮምጣጣ ነገሮች ጋርም ስለማይስማማ ውስጡ ሽፋን ይቀባለታል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ኮዳ የገዛ ሰው፣ ነገሩ በጥንቃቄ ሲታይ፣ ገንዘቡን ለአሉሚኒየም ከፍሎ ውሃውን ከሽፋን ይጠጣል። ታይታኒየም ሽፋን አይሻም፣ አይዝግም፣ ጣዕም አይለውጥም፤ ነውሩ ዋጋው ነው። 800 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ባለ አንድ ግድግዳ የስቲል ኮዳ ባዶውን 200 ግራም አካባቢ ሲመዝን፣ የታይታኒየሙ 130 ግራም አካባቢ ነው፤ ከሠሪ ሠሪ ቢለያይም ትርፉ ከ70 ግራም ብዙም አይርቅም። 70 ግራም ውሃ ደግሞ አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል። እንግዲህ ጉዞ ሳይጀመር ከስቲል ኮዳው አንድ ሲኒ ውሃ የተጎነጨ ሰው፣ ኮዳውን በዚያው ቅጽበት ታይታኒየም አድርጎታል። ተራ ብረትን ወደ ወርቅ እንለውጣለን ብለው ዕድሜያቸውን በከውር ሥር የጨረሱ ሊቃውንት ይህን ያህል አጭር መንገድ አላገኙም።

በዚህ ግኝት ላይ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። የመጀመሪያው «የተጠጣውም ውሃ እኮ በሆድ ተይዞ ይወጣል» የሚል ነው። እውነት ነው። ሆኖም ሆድ ማንገቻ ስለሌለው ትከሻ አይቆርጥም፤ ይዘቱንም በላብ እያቀለለ ይሄዳል። ከሚያፈስ ኮዳ በቀር ይህን የሚያደርግ ኮዳ ገና አልተሠራም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ሲመለሱ ኮዳው ባዶ ስለሆነ ያኔ ቅለቱ ይታወቃል» ይላል። በመልሱ መንገድ ላይ ውሃ ያለቀበት ሰው ግን ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ 70 ግራሙን ለማጣጣም የሚሆን ምራቅ አይተርፈውም። ለሁለቱም ተቃውሞ የጋራ መልስ የሚሆነው ቢጫው ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞልታ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት የተሸከመችው 20 ኪሎ ውሃ ነው። በዚህ ሙያ ከእሷ የሚበልጥ ምሁር አይገኝም፤ እሷም ጀሪካን ስትገዛ የምትመረምረው ማፍሰስ አለማፍሰሱን እንጂ ግራሙን አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከሁሉ የሚቀለው ዕቃ ነው፦ ሃይላንድ። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም የነበረው ይህ ቃል ዛሬ የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። አንድ ሊትር የሚይዘው ባዶው ሃይላንድ ክብደቱ 30 ግራም አካባቢ ብቻ ስለሆነ ታይታኒየምን በአራት እጥፍ ገደማ ያስከነዳል፤ ዋጋውም ውሃው ሲጠጣ አብሮ ተከፍሏል። ቅለት ዋናው መስፈርት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ስለዚህ የብረት ኮዳ የያዘ ሰው ሁሉ፣ የየትኛውም ብረት ይሁን፣ ቅለትን አስቀድሞ ክዷል። ይህን ካመነ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ብረት ሃይላንድ የማይችለውን ምን ይችላል የሚለው ነው። መልሱም እሳት ነው። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉ የስሜን ማረፊያዎች ናቸው። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ቀለም ያልተቀባ፣ ባለ አንድ ግድግዳ የስቲል ኮዳ ክዳኑ ተነስቶ ምድጃ ላይ ይጣዳል። የታይታኒየሙም እንዲሁ፤ የሚለያያቸው ያችው ሲኒ ናት።

«ሙቀት ከተፈለገ ለምን ባለ ሁለት ግድግዳው አይያዝም?» ለሚል፣ እሱ በአገራችን ከቡናና ከሻይ ጋር የኖረው ፔርሙዝ ነው። ጄምስ ዴዋር የተባለው ሳይንቲስት በ1892 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው እጅግ የቀዘቀዙ ፈሳሾችን ለማቆየት ነበር። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ባዶ ቦታ ስላለ እሳት ላይ ቢጣድ ሊፈነዳ ይችላል፤ ክብደቱም የባለ አንድ ግድግዳውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ስስታም ነው። የስሜን ሌሊት ከዜሮ በታች ሲወርድ ተጓዡ የፈላ ውሃ በኮዳ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይከተዋል፤ ባለ አንድ ግድግዳው ኮዳ ሙቀቱን ለእግር ያካፍላል። ፔርሙዝ ግን ባለቤቱ አጠገቡ እየተንቀጠቀጠ ሙቀቱን ለብቻው ይዞ ያድራል።

ድምዳሜው አጭር ነው። ለተራራ የሚመረጠው አፉ ሰፋ ያለ፣ ሳይቀባ የቀረ፣ ባለ አንድ ግድግዳ የስቲል ኮዳ ነው፤ ግራሙ የከበደበት መነሻው ላይ አንድ ሲኒ ይጠጣ። አንድ ነገር ግን ለቀጣይ ምርምር ይቀራል። ስሜን ላይ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ሽንኩርቱን የምትሸከመው በቅሎ ናት፤ ተጓዡ በትከሻው የሚይዘው ኮዳውንና ጥቂት ዕቃ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ግን አንዷን ሎሚ በግራም አስመዝኖ ጌጡ ያደረጋት ተጓዥ አርባ ዘጠኙን ለበቅሎዋ ሰጥቷል። በጉዳዩ ላይ ሙሉ መረጃ ያላት እሷ ስትሆን፣ ኮዳ ሲመረጥ ያማከራት የለም።