ትራክተር አለኝ፣ እርሻ የለኝም

ለጠየቀኝ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ፦ የብዙ ትራክተሮች ጌታ ነኝ። መሬት ግን የለኝም። ያለኝ ሚኔሶታ ውስጥ የኪራይ ቤት ሲሆን፣ ትራክተሮቼም ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ፣ የባለቤቴ የሰርግ ስኒዎች ይደረደሩበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመዋል። ስኒዎቹ ወዴት እንደተዛወሩ አልናገርም፤ ጉዳዩ ገና በሽምግልና ላይ ነው።

እንግዳ ሲመጣ "የልጅህ ናቸው?" ይለኛል። ልጄማ እንዳይነካቸው ተገዝቷል! የአሻንጉሊት ትራክተር ሰብሳቢዎች ሕግ ጥብቅ ነው፤ ዋጋው የሚንረው ማንም ሳይጫወትበት፣ ከነካርቶኑ ታሽጎ ለኖረው ነው። ማረስ የማይችል ትራክተር ሳያንስ፣ መጫወት የማይፈቀድበት መጫወቻ መሆኑ ነው። እኔ በበኩሌ የምወደው ቀለሙ የተላጠውን፣ መሪው የተሰበረውን ነው። አንድ የገበሬ ልጅ አሸዋ ላይ ሲያርስበት እንደኖረ ያስታውቃል። ርካሽም ነው። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚቀድም ባለቤቴን አትጠይቋት።

የዚህ ሱስ መዲና ከእኛ ጎረቤት፣ አዮዋ ውስጥ ያለችው ዳየርስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ፍሬድ ኤርትል የተባለ ብረት አቅላጭ እ.ኤ.አ. በ1945 ዱቡክ በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከጦርነቱ የተረፈ አሉሚኒየም እያቀለጠ፣ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ ትንንሽ ትራክተሮች መሥራት ጀመረ። ሥራው ሰፍቶ በ1959 ወደ ዳየርስቪል ዞረ። ዛሬ ከተማዋ ብሔራዊ የእርሻ መጫወቻዎች ሙዚየም አላት፤ በየኖቬምበሩም ሽበታም ወንዶች ከየስቴቱ ተሰብስበው አሻንጉሊት ይገበያዩባታል። ይህን ታሪክ በኩራት ስተርክላት ባለቤቴ "እሱ ብረት አቅልጦ ገንዘብ አገኘ፤ አንተ ገንዘብ አቅልጠህ ብረት ታመጣለህ" ብላ ዘጋችው።

ነገሩ ግን የልጅ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አባት ትራክተር ሊገዛ ሲሄድ፣ ሻጩ ዘንድ የዚያው ትራክተር ትንሹ አምሳያ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ልጁን ይጠብቀዋል። ልጁ አረንጓዴና ቢጫ ይዞ ካደገ ሲጎለምስ ጆን ዲር ይገዛል፤ ቀይ ይዞ ካደገ ፋርሞል። በቡናና በጊዮርጊስ ደጋፊዎች መካከል ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እኔ ሁለቱንም በአንድ መደርደሪያ ማቆሜን የሰሙ አንድ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ገበሬ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ገላምጠው "ለመሆኑ ከየትኛው ወገን ነህ?" አሉኝ።

"በበሬ ካረሱት ወገን" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ በክብር ነው ያስተናገዱኝ።

ስብስቡ ማዕረግም አለው። በቀደም እቁብ ላይ "ላምቦርጊኒ ገዛሁ" ብል ቤቱ ጸጥ አለ። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ለባለጸጎች የስፖርት መኪና ከመሥራቱ በፊት በ1948 ሥራ የጀመረው በትራክተር መሆኑን፣ የእኔውም ከጫማ ሳጥን እንደማይበልጥ እስካስረዳ ድረስ፣ ዳኛው ዕጣዬን ለተቸገረ ሰው ሊያስተላልፉት ጫፍ ደርሰው ነበር።

ወሬ ደግሞ ውቅያኖስ ሲሻገር ይወፍራል። እህቴ መደርደሪያዬን በቪዲዮ አየች፤ ከእሷ አፍ ጎጃም ያሉት አጎቴ ጆሮ እስኪደርስ "ልጁ ትራክተር በትራክተር ሆኗል" ተባለ። አጎቴ ዛሬም የሚያርሱት በጥንድ በሬ ነው። እኔም በልጅነቴ ጓል የከሰከስኩት ከእሳቸው ሞፈር ኋላ ነው። ሰኔ ሳይገባ ደወሉ።

"ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር ሰጠህ። አንዷን ብትልክልን እኮ በሬዎቹም ያርፉ ነበር።"

"ጋሼ፣ ትንንሽ ናቸው።"

"ትንሽ ብትሆንስ? የኛም ማሳ ሰፊ አይደል።"

"የእውነተኛው አስራ ስድስተኛ ናቸው እኮ!"

ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያው አስራ ስድስቱ ሲገጣጠሙ አንድ ይወጣቸዋል?" አሉ።

የተማርኩ ነኝና ማስረዳት ነበረብኝ። "አይ ጋሼ፣ አስራ ስድስተኛ የሚባለው ርዝመቱ ነው። ወርዱም ቁመቱም በዚያው ልክ አንሷል። ሙሉውን ለመሙላት 16ን በ16፣ እንደገና በ16 ማባዛት ነው፤ 4096 ትራክተር ይፈልጋል።"

ቁጥሩን ባለቤቴ ከማድ ቤት ሰማችው። ብቅ ብላ መጀመሪያ መደርደሪያውን፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ ስልኩንም ከእጄ ነጠቀች።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉት! የበሬ መግዣ እኔ እልክልዎታለሁ።"