ሐተታ ዘመንግሥተ ልብ፦ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግጥም ስለ ደረት አገዛዝ

እኛ፣ በዚህ ጉዳይ ከእኛ በፊት የተናገሩት ሁሉ ዝም ቢሉ ይሻል እንደ ነበር በፍጹም ትሕትና የምናምን፣ እነሆ ስለ መንግሥተ ልብ ሐተታ እንጽፋለን።

የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ባለቅኔ ልብ ሲል ሥጋውን ማለቱ አይደለም፤ አገር ማለቱ ነው። ፍቅር ይነግሣል፣ ምኞት ይሸፍታል፣ አእምሮ ይከበባል፤ ዓይን የተባለው በረኛም ጠላት በመጣ ቁጥር በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። (ይህ በረኛ ከሥራው ሲባረር አላየንም፤ ትልቅ ቦታ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም።)

ምነው እንዲህ ሆነ ቢሉ፦ እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1688 ዳግማዊ ጄምስን ከዙፋኑ አስለቅቀው፣ በ1689 በመብቶች ሕግ የዘውዱን ሥልጣን ለጓሙት። ፍጹማዊ አገዛዝ ከዌስትሚንስተር ተባሮ ማደሪያ ሲያጣ ባለቅኔዎች በሰው ደረት ውስጥ አስጠለሉት። አንድም፦ በ1701 የወጣው የአልጋ ወራሽነት ሕግ ካቶሊክ እንዳይነግሥ ከለከለ፤ በልብ ዙፋን ላይ የሚቀመጠውን ግን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ያለው የለም።

ዋናው ምስክራችን አሌክሳንደር ፖፕ ነው። ፖፕ ካቶሊክ በመሆኑ የመንግሥት ሹመት የተከለከለ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ካቢኔውን በሌላ ሰው ደረት ውስጥ አቋቋመ። በ1733 እና በ1734 ባሳተመው «ድርሰት ስለ ሰው» ሁለተኛ መልእክት፣ አእምሮን ደካማ ንግሥት ያደርጋታል። ዘውዱ ሕጋዊ ነው፤ ተገዢዎቿ የሚታዘዙት ግን ለባለሟሏ ነው። ስሜቶች ሲያምፁ ጦር መላክ ሲገባት ደንብ ትልካለች፤ በዛሬው ቋንቋ ሰርኩላር ማለት ነው። ባለሟሉ ማን ነው ቢሉ፣ ገዥው ስሜት ነው። ንግሥቲቱስ ማን ናት ቢሉ፣ አእምሮ ናት፤ አንድም የእንግሊዝ ንግሥት አን ናት። አን በ1714 እስክትሞት ድረስ መጀመሪያ በባለሟሏ በሣራ ቸርችል፣ በኋላም በአቢጌል ማሻም ትመራለች እየተባለች ስትታማ ኖራለችና። «ፖፕ ይህን አላሰበም» የሚል ተቃዋሚ ቢነሣ፣ ፖፕ ያላሰበውን ማወቅ የእኛ ሥራ እንጂ የፖፕ አይደለም ብለን እንመልሳለን።

ቻርልስ ዌስሊ በ1742 በወጣ መዝሙሩ የልብን ዙፋን ለክርስቶስ ሰጥቶ ክርክሩን ዘግቷል። ከዚያ ወዲያ የሚያስከራክር ነገር ስላልተወልን እናልፈዋለን።

የሚያስቆጣን የባለቅኔዋ የአና ባርባልድ ነገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ በ1825 በታተመው «የሴት መብቶች» በተሰኘው ግጥሟ፣ ሴት ተነሥታ በወንድ ልብ ላይ ግዛቷን እንድታስመልስ ትቀሰቅሳለች። እሰየው፤ መንግሥት ነው፣ እንረዳዋለን። መጨረሻ ላይ ግን ተመልሳ፣ እርስ በርስ በሚዋደዱ ሰዎች መካከል የአንተ መብት የእኔ መብት የሚባል ነገር ይቀራልና ድል የማድረግ ሐሳብሽን ተዪው ትላታለች። አንድ ሙሉ መንግሥት እንዲህ በአንድ ምክር ይፈርሳል? የንግሥቲቱንስ ማኅተም ማን ይረከባል? በልብ ጉዳይ ለምንተዳደር ሊቃውንትስ የጡረታ አበላችንን ማን ይከፍላል? ሴትዮዋ ለዚህ አንዲት ስንኝ እንኳ አልመደበችም።